ፎቶ የማይነሱበትን ሪዞርት ማስተዋወቅ

ሌላ ሪዞርት ራሱን ሲያስተዋውቅ ቀድሞ የሚያወጣው ፎቶ ነው። ገንዳውን፣ ገንዳው ውስጥ የሚሳሳቁትን ሰዎች፣ ማታ ማታ የሚደምቀውን ቡና ቤት ያሳያል። የኑዲስት ሪዞርት፣ ማለትም ሰው እርቃኑን የሚዝናናበት ቤት፣ ይህን ማድረግ አይችልም። እንግዳው ልብሱን አውልቆ የሚዝናናው ማንም ካሜራ እንደማይደግንበት ተማምኖ ነው። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ የሚሠራ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሁለት አደራ አለበት፤ ቤቱን ማሳወቅ እና እንግዳው እንዳይታወቅ መጠበቅ። ሁለቱ ሲጋጩ ምንጊዜም መቅደም ያለበት ሁለተኛው ነው። ይህን የሚዘነጋ ቤት አንድ ትልቅ የቴሌቪዥን ዘገባ ያገኝና ለዓመታት የተመላለሱለትን ደንበኞች ያጣል።

ነገሩ ለብዙ አማርኛ አንባቢ እንግዳ ስለሚሆን ሥፍራውን ላስቀድም። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአሜሪካ ዋናው አካባቢ ፍሎሪዳ ነው። ከታምፓ በስተሰሜን ያለው ፓስኮ ካውንቲ ሌክ ኮሞን፣ ፓራዳይዝ ሌክስንና ካሊየንቴን የመሳሰሉ ሪዞርቶች በቅርብ ርቀት የሚገኙበት ነው። ኪሲሚ ውስጥ ደግሞ ሳይፕረስ ኮቭ ከ1964 ጀምሮ ይሠራል። በ1931 የተመሠረተው የአሜሪካ የእርቃን መዝናኛ ማኅበር ዋና ጽሕፈት ቤትም እዚያው ኪሲሚ ነው። በፈረንሳይ በአትላንቲክ ዳርቻ ሞንታሊቬ በ1950 ተከፈተ፤ ዓለም አቀፉ የናቹሪስቶች (የኑዲስቶች) ፌዴሬሽንም በ1953 የተመሠረተው እዚያ ነው። በክሮኤሺያ ኮቨርሳዳ ከ1961 ጀምሮ አለ፤ ያኔ አገሩ ዩጎዝላቪያ ነበር፣ ገበያውም በዋነኛነት የምዕራብ ጀርመን ቱሪስትና ይዞት የሚመጣው የጀርመን ገንዘብ ማርክ ነበር።

የማስተዋወቅ ዘዴው ከአገር አገር ይለያያል። ጀርመን የሚኖር አበሻ በሕዝብ ሳውና ደጃፍ ላይ የዋና ልብስ ለብሶ መግባት ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ሳያይ አይቀርም። እዚያ እርቃንነት ማብራሪያ አያሻውም፤ የሪዞርቱ ማስታወቂያ የሚያወራው ስለ ካምፑ ጥላ፣ ስለ መታጠቢያው ንጽሕናና ከባሕሩ ስላለው ርቀት ነው። በአሜሪካ ግን ማስታወቂያው መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ስለ አልጋው የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው። የጀርመኑን ብሮሹር ተርጉመው ፍሎሪዳ ላይ የሚያሠራጩ ሰዎች የማይሳካላቸው ለዚህ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ችግሩ አዲስ አይደለም። በ1930ዎቹ ቄስ ኢልስሊ ቡን የሚመሩት የኑዲስቶች እንቅስቃሴ ሰው የሚያገኘው “ሰንሻይን ኤንድ ሄልዝ” በተባለው መጽሔት በኩል ነበር። ስለ ክለቦቹ የሚወራውም፣ አዲስ አባል የሚመጣውም በመጽሔቱ ስለነበር ፖስታ ቤት አላደርስም ሲል የተዘጋው የገበያው በር ነበር። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጥር 1958 መጽሔቱ ረታ። ዛሬ ይህን ድል እየጠቀሱ ፌስቡክ ማስታወቂያችንን ለምን ይከለክላል የሚሉ የሪዞርት ባለቤቶች አሉ። ክርክሩ አያስኬድም። ፖስታ ቤቱ የመንግሥት ስለነበር የንግግር ነፃነት ሕግ ያስረው ነበር፤ ፌስቡክና ጉግል የግል ድርጅቶች ናቸው፣ የፈለጉትን ማስታወቂያ የመመለስ መብት አላቸው። ስለዚህ ጉልበትን በክርክር ከመጨረስ በደንባቸው ውስጥ ሆኖ መሥራት ይሻላል።

ጋዜጠኛ ሲመጣ

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የቀረፃ ቀን ነው። ዝግጅቱ የሚጀምረው ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ለእንግዶች በማሳወቅ ነው። በኢሜይል፣ በመግቢያው በር ላይና በእንግዳ መቀበያው ሦስት ጊዜ ይነገር። ማስታወቂያው “ጋዜጠኞች ይመጣሉ” ብሎ ብቻ አይተው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ለይቶ ይናገር። ለምሳሌ “ረቡዕ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ በትንሹ ገንዳ ዙሪያ ብቻ” ይበል። ረቡዕ የሚመረጠው በሳምንቱ መካከል እንግዳ ስለሚቀንስ ነው። ጠዋት የሚመረጠው ደግሞ ብርሃኑ ለስላሳ ስለሆነና ብዙው ሰው ገና ክፍሉ ስለሚሆን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ካሜራ ማስገባት የሞላ ግቢ ስለሚያሳይ ያጓጓል፤ ግን ከበስተጀርባ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ መቆጣጠር አይቻልም።

ለቀረፃ ፈቃደኛ የሚሆኑ እንግዶችን አስቀድሞ መመልመል ያስፈልጋል። አምስት ሰው ከተፈለገ አሥር ይመዝገብ፤ በዕለቱ ሐሳቡን የሚቀይር አይጠፋም፣ ማንም ደግሞ ለምን ቀረህ ተብሎ መጠየቅ የለበትም። ፈቃደኞቹ ቀለሙ ከሩቅ የሚለይ የእጅ ማሰሪያ ያድርጉ። ካሜራማኑ የሚነገረው ሕግ አንድ ነው፤ ያ ቀለም የሌለበት ሰው ወደ ካሜራው ከገባ ቀረፃው ይቆማል። ለእያንዳንዱ ካሜራ አንድ የሪዞርቱ ሠራተኛ አብሮት ይሂድ። አንድ ሠራተኛ ለሁለት ካሜራ ከተመደበ ሁለቱ በተለያየ አቅጣጫ በተንቀሳቀሱ ቁጥር አንደኛው ያለ ተቆጣጣሪ ይቀራል።

የፈቃድ ቅጹ ላይ ብዙ ቤቶች ይሳሳታሉ። “ለመቀረጽ ፈቅጃለሁ” የሚል አንድ መስመር ብቻ ያለው ቅጽ ሰውየውን አይጠብቀውም። ምን እንደሚታይ ምርጫ ይቀርብለት፤ ከትከሻ በላይ፣ ከጀርባ ወይስ ሙሉ ሰውነት? ስሙ ይጠራ ወይስ አይጠራ? ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ “ለዚህ ዘገባ ብቻ” የሚለው ሐረግ ነው። ቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ ጊዜ የቀረፀውን ምስል ማኅደሩ ውስጥ ያኖረዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ በአካባቢው አንድ ወንጀል ሲፈጸም ወይም የመሬት ክርክር ሲነሳ ያንኑ ምስል ከዘገባው ጋር ያሳያል። ፈቃዱን በሳቅ የሰጠው ሰው ፊቱን ከማያውቀው ጉዳይ ጋር ያገኘዋል። ይህን ሐረግ ጣቢያው አልፈርምም ካለ ቀረፃው ቢቀር ይሻላል።

ሌላው ነጸብራቅ ነው። ካሜራማኑ ከፊቱ ያለውን ሰው በጥንቃቄ ከትከሻ በላይ ይቀርፃል፤ ሰውየው ያደረገው የፀሐይ መነጽር ግን ከፊት ለፊቱ ያለውን ገንዳ ከነሰዎቹ ያሳያል። ከቡና ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ ያለው መስታወትም እንዲሁ። ቃለ መጠይቅ የሚሰጥ ሰው መነጽሩን ያውልቅ፣ ወንበሩ አጥር ወይም ቁጥቋጦ ፊት ለፊት ይዙር፣ መስታወት ያለበት ክፍል ለቀረፃ አይመረጥ።

ማይክም ችግር አለው። ደረት ላይ የሚሰካው ትንሽ ማይክ የሚሰካበት ኮሌታ የለም። ቆዳ ላይ በፕላስተር ሲለጠፍ በላብና በፀሐይ መከላከያ ክሬም ይላቀቃል፤ በተንቀሳቀሱ ቁጥርም ይንኮሻኮሻል። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው በዘንግ ተይዞ ከላይ የሚንጠለጠል ማይክ ሲሆን ሌላው ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ ማይኩን ከጠርዙ ሥር መሰካት ነው። ባርኔጣው ፊትን ከፀሐይም ስለሚያስጠልል ምስሉን አያበላሽም። ይህን ለቀረፃ ቡድኑ አስቀድሞ መንገር ግማሽ ሰዓት ያድናል።

ጋዜጠኛው ራሱ ያውልቅ ወይስ አያውልቅ የሚለው ጥያቄ በር ላይ መነሳት የለበትም። ገንዳው ውስጥ ልብስ ክልክል ከሆነ ደንቡ በግብዣ ደብዳቤው ላይ ይጻፍ። ለካሜራ ቡድኑ ፎጣና ጋውን ይዘጋጅ፤ የማይፈልግ ሰው አይገደድ፣ አይቀለድበትም። ተገዶ ያወለቀ ጋዜጠኛ የሚጽፈው ስለ ራሱ እፍረት ነው፤ በራሱ ጊዜ የወሰነ ግን ብዙውን ጊዜ ፍርሃቱ እንዴት እንደለቀቀው ይጽፋል። ለአዲስ እንግዳ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ የለም፤ ማንም መጀመሪያ የሚያስበው ያንን የመጀመሪያ ሰዓት ነውና።

ልጆችን በተመለከተ ሕጉ አንድ ነው፤ የልጅ ምስል በምንም ዓይነት አይወጣም። ወላጅ ቢፈቅድም፣ ልጁ ልብስ ቢለብስም፣ ከሩቅና ከጀርባ ቢሆንም አይወጣም። በቀረፃው ሰዓት ቤተሰቦች በሌላኛው የግቢው ክፍል ፕሮግራም ይዘጋጅላቸው።

ቃል አቀባዩ ሦስት ጥያቄ አይቀርለትም። ይሄ የወሲብ ቦታ ነው ወይ? ልጆች ይመጣሉ ወይ? የወንድ ሰውነት ቢነሳሳስ? መልስ ሳይዙ ካሜራ ፊት መቅረብ አያዋጣም። ለመጀመሪያው “በፍጹም አይደለም፣ የወሲብ ቦታ አይደለም” ብሎ መልሶ መላልሶ መካድ ትልቁ ስሕተት ነው፤ በማግስቱ ርዕሱ ላይ የሚወጣው የተካደው ቃል ነው። በክህደቱ ፋንታ ደንቡ ይነገር። ማንኛውም እንግዳ ሲገባ መታወቂያው ይታያል፤ ብዙ የአሜሪካ ክለቦች ስሙን ለሕዝብ ክፍት ከሆነው የወሲብ ጥፋተኞች መዝገብ ጋር ያመሳክራሉ። በአደባባይ የወሲብ ድርጊት የፈጸመ ያንኑ ዕለት ይባረራል። ለሁለተኛው ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ብቻ እንደሚገቡ ወይም ጭራሽ እንደማይገቡ፣ የቤቱን ደንብ በግልጽ መናገር ነው። ለሦስተኛው መልሱ አጭር ነው፤ እንደሚፈራው አይደለም፣ ከደረሰም ሰውየው ፎጣ ይደርባል ወይም ውሃ ውስጥ ይገባል። ሳያፍሩና ሳይስቁ የተመለሰ ጥያቄ እዚያው ያልቃል።

ፎጣ ካነሳሁ አይቀር፣ በየትኛውም ምስል ላይ ሰው የተቀመጠበት ወንበር ላይ ፎጣ ይታይ። ፎጣ ሳያነጥፉ አለመቀመጥ በሁሉም ቤት ያለ የንጽሕና ደንብ ነው። ፎጣ የማይታይበት ፎቶ ነባሮቹን ያስቆጣል፣ አዲሶቹን ደግሞ ያስጸይፋል።

የዜና ሰበብ

“ሪዞርታችን አለ” የሚለው ዜና አይሆንም። ዘርፉ የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። አሜሪካ ውስጥ በሐምሌ ወር የእርቃን መዝናኛ ሳምንት ይከበራል፤ በግንቦት የመጀመሪያው ቅዳሜ ደግሞ ሰው እርቃኑን አትክልት የሚንከባከብበት ዓለም አቀፍ ቀን ነው። የአትክልቱ ቀን በተለይ ለፎቶ ይመቻል፤ ጽጌረዳውና የውሃ ማጠጫው የሚሸፍኑትን ይሸፍናሉ፣ ጋዜጣውም ሳይሸማቀቅ ያትመዋል።

ቁጥርም ዜና ነው። ሐምሌ 11 ቀን 2009 የአሜሪካው የእርቃን መዝናኛ ማኅበር በሰሜን አሜሪካ ባሉ ክለቦቹ በተመሳሳይ ሰዓት ሰው ልብሱን አውልቆ ውሃ ውስጥ እንዲገባ አደረገና 13,648 ሰው ተቆጠረ። የሐሳቡ ጥንካሬ ትንሹ የገጠር ክለብ እንኳ የአገር አቀፍ ዜና አካል መሆኑ ነው፤ የአካባቢው ጋዜጣ “የእኛዎቹ ስንት ነበሩ” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እንዲህ ያለ ክብረ ወሰን ግን የገለልተኛ ሰዎች ምስክርነትና የምስል ማስረጃ ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ ካሜራ ከሚከለክል ግቢ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ቆጠራው በአንድ በር በኩል ቁጥር በያዘ ትኬት ይካሄድ፤ ለማስረጃ የሚነሳው ምስልም ከሩቅና ከጀርባ ሆኖ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ይቆይ።

በሰኔ 2018 አየርላንድ፣ ዊክሎው በሚገኘው ማገራሞር የባሕር ዳርቻ 2,505 ሴቶች እርቃናቸውን ባሕር ገብተው ክብረ ወሰን ያዙ። ገንዘቡ የተሰበሰበው ለልጆች የካንሰር በጎ አድራጎት ነበር። ዝግጅቱ የሪዞርት አይደለም፤ ሪዞርቶች ግን ሊያጠኑት ይገባል። ሕዝቡ ለምን እንዳወለቁ ከሰማ በኋላ ማውለቃቸውን ለመተቸት ይከብደዋል። የአሜሪካ ክለቦች ለአካባቢያቸው የምግብ ባንክ የሚያሰባስቡበት ሩጫ ከየትኛውም የተከፈለበት ማስታወቂያ ይልቅ ጎረቤትን ያለዝባል።

ትንሽ ተግባራዊ ዝርዝርም ዜናውን ሩቅ ያደርሰዋል። በ2003 ከማያሚ ወደ ካንኩን እርቃን ተጓዦችን የያዘ የኪራይ አውሮፕላን ሲበር፣ በየጋዜጣው ከተደጋገሙት ነገሮች አንዱ ትኩስ ቡናና ሻይ እንደማይቀርብ ነበር። ሰው ወዲያው ምክንያቱ ይገባዋል፣ ለሌላውም ይነግራል። ጋዜጣዊ መግለጫ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ነገር ይኑር፤ የቃላት ጨዋታ ግን አይኑር። ጨዋታውን አርታዒው ራሱ ያመጣዋል፤ ሪዞርቱ ቀድሞ ከቀለደ ጽሑፉ በሙሉ ቀልድ ይሆናል።

የሚከፈልበት ማስታወቂያ

የፌስቡክና የኢንስታግራም የማስታወቂያ ደንብ እርቃንን ብቻ ሳይሆን እርቃንን የሚጠቁም ምስልንም ይከለክላል። ባዶ ትከሻ ከነፎጣው ሊመለስ ይችላል። የሚያልፈው ሰው የሌለበት ምስል ነው። ጠዋት የገንዳው ውሃ ሳይነካ፣ ሁለት ወንበር ከነተነጠፈ ፎጣቸው፣ ጠረጴዛ ላይ ቁርስ። ማስታወቂያው አልፎም ጠቅ ሲደረግ የሚያደርሰው ገጽ ላይ የእርቃን ፎቶ ካለ መልሶ ይከለከላል፤ መርማሪው ፕሮግራም ገጹንም ያያልና። ስለዚህ ከማስታወቂያ የሚመጣ ሰው የሚያርፍበት ለብቻው የተሠራ ገጽ ያስፈልጋል፤ ዋጋ፣ ካርታ፣ ደንብና “መጀመሪያ ስመጣ ምን ይሆናል” ለሚለው መልስ ይያዝ።

አንድ መጥፋት ያለበት ነገር አለ። ድረ ገጹን አንድ ጊዜ የጎበኘን ሰው በሌላ ገጽ ሁሉ እየተከታተለ የሚያሳየው ማስታወቂያ ለሆቴል ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን ሰውየው ማታ በድብቅ ያየውን በማግስቱ በቤተሰቡ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያወጣበታል። ይህ የሚከታተል ኮድ ከድረ ገጹ ይነሳ። የኢሜይል ርዕስም እንዲሁ፤ “የጥቅምት ቅናሽ” በቂ ነው። በባንክ ስቴትመንት ላይ የሚወጣው የድርጅት ስም ምን እንደሚል ሰው ሳይጠይቅ ድረ ገጹ ላይ ይነገረው። ይህ ሁሉ የሚያሳፍር ነገር አለ ለማለት አይደለም። የሚገልጠውና የማይገልጠው ውሳኔ የእንግዳው ስለሆነ ነው።

ፍሎሪዳ ውስጥ ያለ ሪዞርት ደግሞ የሚረሳው መብት አለው። እንደ ማንኛውም ሆቴል ከአልጋ ኪራይ ላይ የቱሪዝም ግብር ለካውንቲው ይሰበስባል፤ ያ ገንዘብ ለአካባቢው ቱሪዝም ማስተዋወቂያ ይውላል። ስለዚህ በካውንቲው የቱሪዝም ገጽ ላይ መዘርዘር ልመና አይደለም። ጥያቄው ዓመታዊ የግብር መጠንን ይዞ በጽሑፍ ይቅረብ።

ስለ ፎቶው እውነተኛነት አጥብቄ የምለው አለ። ከኢንተርኔት የተገዛ የሃያ ዓመት ሞዴል ፎቶ መለጠፍ ቤቱን ይጎዳል። የአብዛኞቹ ሪዞርቶች እንግዳ ጎልማሳና ጡረተኛ ነው፤ ሆድ አለው፣ የቀዶ ጥገና ጠባሳ አለው። በሞዴሉ ተስቦ የመጣ ሰው ተታለልኩ ይላል፤ የሚስበውም ሊያይ እንጂ ሊዝናና ያልመጣውን ነው። በሰውነቱ የሚያፍረው፣ ቤቱ በእርግጥ የሚጠቅመው ሰው ደግሞ ፎቶውን አይቶ “ይሄ የእኔ ቦታ አይደለም” ይልና ገጹን ይዘጋል። የቤቱ ዓይነትም በግልጽ ይጻፍ። ለቤተሰብ ነው? ለአዋቂ ብቻ ነው? ጥንዶች የወሲብ ጓደኛ የሚለዋወጡበት ድግስ ያለበት ነው? በፈረንሳይ ካፕ ዳግድ የቤተሰቡም የጥንዶቹ ድግስም ዓይነት በአንድ ሰፈር ስላለ፣ ሳይለይ የሚያስተዋውቅ ቤት ሁለቱንም ዓይነት እንግዳ ያስቀይማል።

ምስል ሲያመልጥ

ስልክ ባለበት ዘመን አንድ ቀን ይደርሳል። መከላከያው ሲገቡ የስልኩን ካሜራ የሚሸፍን ስቲከር መለጠፍ ነው፤ ፊት ያለውንም ኋላ ያለውንም። ስቲከሩ ሲነሳ የሚቀደድ ዓይነት ይሁን፣ አለበለዚያ ተነስቶ ተመልሶ ይለጠፋል። ድሮን ሲታይ ማን ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ይወሰን።

ካመለጠ መጀመሪያ የሚደወለው ምስሉ ላይ ላለው ሰው ነው፤ ለጠበቃና ለጋዜጣ ከዚያ በኋላ። አስተማሪ ወይም ወታደር ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት ከሪዞርቱ ይስማ። ከዚያ ገጹ ከነአድራሻው፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይቀመጥ፤ ማስረጃው ሳይያዝ እንዲነሳ ከተጠየቀ ማን እንደለጠፈው ማሳየት አይቻልም። ቀጥሎ የማስነሻ ጥያቄ ይላክ። በ2025 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ መድረኮች ያለ ፈቃድ የተለጠፈ የግል እርቃን ምስል ከተጎጂው ጥያቄ በደረሳቸው በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ያስገድዳል። ጥያቄውን የሚያቀርበው ባለቤቱ ወይም የወከለው ሰው ስለሆነ ሪዞርቱ ቅጹን ሞልቶ ያግዘው እንጂ ሳይነግረው በስሙ አይላክ። ለጋዜጠኛ የሚሰጠው መግለጫ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ የቤቱ የካሜራ ደንብ ምን እንደሆነና ደንቡን የጣሰው ሰው ምን እንደደረሰበት። የተጎጂው ስም፣ ከተማና ሙያ አይነሳም።

ውጤቱን መለካት ቀላል ነው። የተመልካች ብዛት ምንም አይናገርም፤ እርቃን የሚል ርዕስ ያለው ቪዲዮ ሁልጊዜ ይታያል። የሚቆጠረው ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ እንግዳ ነው፤ ሲመዘገብ “ከየት ሰሙ?” ተብሎ ይጠየቅ፣ መልሱ በዚያው ቀን ይጻፍ። ከዘገባ በኋላ ባለው ሳምንት ስልኩ በዛ ብሎ መደሰት አይገባም፤ ብዙው ደዋይ ለማወቅ ብቻ የጓጓ ነው። ልብሱን ለማውለቅ የሚወስን ሰው ጊዜ ይወስዳል፤ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከትዳር ጓደኛው ጋር ተነጋግሮ ይመጣል። ስለዚህ የአንድ ዘገባ ሒሳብ ከስድስት ወር በፊት አይዘጋ። በሁለተኛው ጉብኝት የተመለሱት ለብቻ ይቆጠሩ።